ልየታው በር ላይ ይሁን

ክቡር አዘጋጅ፣

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አውቶቡስ ቢገለበጥ፣ ሆስፒታል ቀድመው የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በባጃጅ የመጡ ቀላል ጉዳተኞች ናቸው። አልጋውን እነሱ ይይዙታል፤ ከባዱ ጉዳተኛ ኋላ ሲመጣ ቃሬዛም ኦክስጅንም ያጣል።

አንድ ነርስ በር ላይ ቆሞ ጉዳተኞቹን እንደ ጉዳታቸው ክብደት በባለቀለም ካርድ ይለይ። የሚራመድ አረንጓዴ (መቆየት የሚችል)። አዋቂ ሆኖ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ትርታ የጠፋ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይፈጽም ቀይ (ቅድሚያ የሚታከም)፤ የቀረው ቢጫ (ቀጥሎ የሚታከም)። የመተንፈሻ መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር (የሞተ ወይም ሊተርፍ የማይችል)። ለዪው ሕክምና አይጀምር፤ የመተንፈሻ መንገድ ከመክፈትና የሚፈስ ደም ከማስቆም በቀር። ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) የታሰረበት ሰዓት ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ እግሩ ራሱ አደጋ ላይ ነው።

የዚህ አሠራር ልምምድ ግን በሥራ ሰዓት፣ እንግዳ ተጠርቶ ባይሆን! የሰው ኃይል የሚሳሳው ሌሊት ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍም ያኔ ነው የሚጠፋው።

የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ ወሎ