ሴንሰር እያለ ነጥቡ ለምን ይቀራል? ስለ ግል ቢሮ የመብራት መቆጣጠሪያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሕንፃችሁን ነጥብ እየተቆጠረ ለሚሰጠው ለሊድ (LEED) የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀት የምታዘጋጁ ደንበኞች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ አንስታችኋል፦ «በየቢሮው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሰው ሲወጣ መብራቱን የሚያጠፋ ሴንሰርም ገጥማችሁልናል። ታዲያ የመብራት ቁጥጥሩን ነጥብ ለምን አናገኝም?»

ሴንሰሩ ክፍሉ ባዶ መሆኑን ያውቃል እንጂ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው ምን ያህል ብርሃን እንደሚፈልግ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሊድ አራተኛ እትም የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው። ለአንድ ሰው ከተመደቡ የሥራ ቦታዎች ቢያንስ 90 በመቶው፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚያዝበት መብራት ሊኖራቸው ይገባል፤ ደረጃውም ቢያንስ ሦስት ነው፦ የበራ፣ የጠፋና መካከለኛ። መካከለኛ የሚባለው ከሙሉው ብርሃን ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ነው። የቀን ብርሃን በዚህ ስሌት ስለማይገባ «መስኮታችን ሰፊ ነው» ማለት አያዋጣም።

ስሌቱ የሚያሳስታቸው ብዙ ናቸው። 12 ዝግ ቢሮዎችና በክፍት አዳራሽ ውስጥ 28 ጠረጴዛዎች ቢኖሯችሁ የሥራ ቦታዎቹ 40 ናቸው፤ መሟላት ያለባቸውም 36። አሥራ ሁለቱን ቢሮዎች ብቻ አስተካክሎ ማመልከት ድካም ነው።

በግል ቢሮ ውስጥ ሥራው ቀላል ነው። ባለ ሦስት አምፖል ፍሎረሰንት ካላችሁ የመሐሉን በአንድ ማብሪያ፣ የዳር ሁለቱን በሌላ ማብሪያ እንለያያለን፤ የመጀመሪያው ብቻውን ሲበራ 33 በመቶ፣ ሁለተኛው 67 በመቶ ይሰጣል። ውድ ዕቃ ሳይገዛ መስፈርቱ ተሟላ። ለኤልኢዲ ዲመር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር ማብሪያ፣ ይሻላል፤ ነገር ግን የመብራቱ ድራይቨር (ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥነው መሣሪያ) ብርሃን ለመቀነስ የተሠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ይርገበገባል። ከ0 እስከ 10 ቮልት በሚባለው የብርሃን መቀነሻ ዘዴ ከኃይል ሽቦው ሌላ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች ስለሚያስፈልጉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት እንወቅ። ሴንሰሩን ማንሳት አያስፈልግም፤ ከዲመሩ ጋር አብሮ ይሠራል።

ጥፋታችንንም እንናገር። በአንድ ሥራ ላይ ሽቦ ለመቆጠብ ብለን ሁለት ጎረቤት ቢሮዎችን በአንድ ማብሪያ አገናኘን። አንደኛው ነዋሪ ደማቅ ብርሃን ይወዳል፣ ሌላኛው ግማሽ ጨለማ ውስጥ ካልሆነ ኮምፒውተሩን ማየት አይችልም። በመጨረሻ ያለቀውን ኮርኒስ ከፍተን በራሳችን ወጪ እንደ አዲስ ዘረጋን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቢሮ ለየብቻ እንዘረጋለን፤ ደንበኛው «አንድ ላይ ይሁን» ቢለንም እንከራከራለን።

ይህ ሁሉ ለአንድ ነጥብ ነው፤ እናውቃለን። ሆኖም ሽቦው አስቀድሞ ከታሰበበት ከርካሾቹ ነጥቦች አንዱ ይመስለናል። ሥራው በሂደት ላይ ያለ ደንበኛ ማን የት እንደሚቀመጥ ያመለከተ የወለል ፕላን ይላክልን፤ ቆጠራውን እኛ እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል