ከ40 በኋላ ስለሚዘባረቀው የወር አበባ ለምን አትጽፉም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የጤና ዓምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ስለ እርግዝና ስለ ጡት ማጥባት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ብዙ ጽፋችኋል ተባረኩ፣ ግን ሴት ልጅ 40 ካለፈች በኋላ ሰውነቷ ምን እንደሚሆን ስትጽፉ አይቼ አላውቅም። ስለ ማረጥ ሲወራ ደሙ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ የሚቀር ነው የሚመስለን፣ እንደዛ አይደለም እኮ፣ ከዛ በፊት ብዙ ሴት ላይ 4 ዓመት አካባቢ፣ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ከዛም በላይ የሚቆይ ፔሬድ የሚዘባረቅበት ጊዜ አለ።

እኔም እዛ ውስጥ ነኝ። አንዴ ቶሎ ይመጣል አንዴ ወር ይዘላል፣ አንዳንዴ ነካ አድርጎኝ ይሄዳል ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቤት መውጣት እስኪያስፈራኝ ይፈሳል። ሐኪሟ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ፣ በዚህ እድሜ እንቁላል በየወሩ መውጣቱ ይቆራረጣል፣ እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በደንብ አይመረትም፣ ኢስትሮጅን ግን ከፍ ዝቅ እያለ የማህፀኑን ውስጠኛ ግድግዳ ያወፍረዋል፣ ያ ሁሉ በኋላ ሲወርድ ነው የሚበዛው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁሉም ነገር "የእድሜ ነው ያልፋል" መባሉ ነው። ታላቅ እህቴ ብዙ ስትደማ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ ምርመራ እንኳን ሳይደረግላት እድሜሽ ነው ብለው መለሷት፣ ፊቷ ነጥቶ ደረጃ መውጣት እያቃታት፣ ደሙ መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ እሁድ እሁድ ከቅጥሩ ውጪ ቆማ እያስቀደሰች ስንት ጊዜ አሳለፈች፣ በመጨረሻ ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ስትነሳ ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢ ነው የተገኘባት፣ ደሟም በጣም ወርዶ ነበር። እድሜው ማዘባረቁ እውነት ነው፣ ግን ማዮማም ደም ማነስም በዛው እድሜ ይመጣል፣ ሳያዩ መገመት አይቻልም።

ስለዚህ እባካችሁ ይሄንን በትልቁ ጻፉልን፣ ሞዴስ በየ1 ወይ 2 ሰዓቱ እየራሰ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ፣ በፔሬድ መሀል ወይ ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ መመርመር ያስፈልጋል። ሙሉ 12 ወር ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ጠብታም ብትሆን ከመጣች ዝም አይባልም። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣው ደም የማህፀን በር ካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሀገራችንን ሴቶች በብዛት የሚያጠቃ ነው። ከ40 በፊት ፔሬድ የቀረባትም ሴት ትታይ፣ ቶሎ ነው።

ሌላው ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት፣ ወር ሲዘል አረጥኩ ብሎ መከላከያ ማቆም አለ፣ 12 ወር ሙሉ ካልጠፋ አረጠች አይባልም፣ እስከዛ ማርገዝ ይቻላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ መቼ ጀመረ መቼ አበቃ ተብሎ መጠየቅ አይቀርም፣ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ቀኖቹን ምልክት አድርጉ፣ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል፣ ጳጉሜን ብቻ እንዳትዘሉ።

አንድ የማህፀን ስፔሻሊስት ጋብዛችሁ ደም ለሚበዛባት ሴት ጤና ጣቢያ ላይ ምን ህክምና እንዳለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው፣ ደሙን የሚቀንሰው ሆርሞን ያለው ሉፕ የት እንደሚገኝ ጠይቁልን፣ ባሎችም እንዲያነቡት የፊት ገጽ ላይ ጠቁሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ