ባዶ መልስ ምን ማለት ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ኮድ የሚጽፍ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኤጀንት ማሠራት እየተለመደ መጥቷል። ግምገማው ሲመጣ ግን ዓይን ሁሉ ኤጀንቱ ላይ ነው። ኤጀንቱ ስለሚጠቀምባቸው ቱሎች (ሥራ ስለሚያሠራቸው አጋዥ ፕሮግራሞች) የተጻፈውን ሰነድ ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ያየም ቢሆን የገጹን ብዛትና የአቀራረቡን ውበት አይቶ ይመልሰዋል። የዚህ ሰነድ ዋና አንባቢ ሞዴሉ፣ ማለትም የኤጀንቱ አንጎል፣ ራሱ መሆኑ ይረሳል። ሞዴሉ የቱሉን ኮድ አያይም። የሚደርሰው የቱሉ ስም፣ ጥቂት መስመር መግለጫና ምን ምን መላክ እንዳለበት የሚነግረው ዝርዝር ነው። ያልተጻፈለትን ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ አያፍርም።

ለምሳሌ ፓኬጅ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ ወስደው የሚጠቀሙበት ኮድ) ፈላጊ ቱልን እንውሰድ። ሥራው ለፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይፒአይ፣ ለጃቫስክሪፕት ደግሞ ኤንፒኤም ከሚባሉት የፓኬጅ ማከማቻዎች አንድ ፓኬጅ መኖር አለመኖሩንና ቨርዥኑን ማጣራት ነው።

ሰነዱ ውስጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ቱሉ ሳይሳካለት ሲቀር ምን እንደሚመልስ ነው። «ፓኬጁ የለም» እና «ማከማቻው ጋር መድረስ አልቻልኩም» ለየቅል ናቸው። ማከማቻው ስሙን ካላወቀው 404 ይላል፤ ጥያቄ ሲበዛበት 429 ይላል፤ ኔትወርክ ከተቋረጠ ግን ምንም አይመጣም። በጥድፊያ የተሠራ ቱል ሦስቱንም ባዶ ዝርዝር አድርጎ ለኤጀንቱ ያቀብላል። መስመር መጣ ሄደ በሚልበት ቢሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤጀንቱ «የለም» ብሎ ይደመድምና ወይ ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ነገር ከዜሮ ይጽፈዋል፣ ወይ እውነት የሚመስል ስም ከራሱ ፈጥሮ ኢንስቶል ሊያደርግ ይነሳል። የባሰው ሁለተኛው ነው፤ ሞዴሎች ደጋግመው የሚፈጥሩትን ስም አጥንቶ ቀድሞ ማስመዝገብና ውስጡ ጎጂ ኮድ ማስቀመጥ ይቻላልና። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ቢያንስ እንዲህ የሚል ይኑር፦ «ባዶ ዝርዝር ማለት ማከማቻው ተጠይቆ የለም ብሏል ማለት ነው። ግንኙነት ከተቋረጠ ኢረር (የስህተት መልእክት) ይመጣል፤ ቆይተህ ድገም፣ ስም አትፍጠር።»

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ። ብዙ ፓኬጆች እንደ ሰው የመዝገብ ስምና የቤት ስም አላቸው። ኢንስቶል የሚደረገው ፒሎው ኮድ ውስጥ ሲጠራ ፒል ነው፤ ቢዩቲፉልሱፕ4 ቢኤስ4፣ ኦፕንሲቪ-ፓይተን ደግሞ ሲቪ2 ይባላሉ። ቱሉ የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ ካልተነገረው ኤጀንቱ ሲቪ2 ብሎ ጠይቆ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፓይፒአይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሰረዝን፣ የታች ሰረዝንና ነጥብንም እንደ አንድ ይቆጥራል። ይህንን ልማድ ይዞ ኤንፒኤም ጋ መሄድ ግን ያስቀጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. ክሮስ-ኢንቭ የተባለውን የታወቀ ፓኬጅ ሰረዙን ብቻ አስቀርቶ የተመሳሰለ ሌላ ፓኬጅ፣ ኢንስቶል ያደረጉትን ሰዎች የሚስጥር ቁልፍ ሲልክ ተይዟል። አንዲት ሰረዝ!

ቱሉ የሚያጣራው በትክክለኛ ስም ብቻ ነው ወይስ በቃልም ይፈልጋል? ፓይፒአይ የቃል ፍለጋን በር ለፕሮግራሞች የዘጋው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ «በቃል እፈልጋለሁ» የሚል ቱል ከየት እንደሚፈልግ ሊናገር ይገባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ተጠቃሚው «የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፓኬጅ ፈልግልኝ» ብሎ በአማርኛ ይጽፋል። ሰነዱ «የተጠቃሚውን ጥያቄ ላክ» የሚል ከሆነ ኤጀንቱ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይልከዋል፤ የፓኬጆቹ መግለጫ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ መልሱ ያው ባዶ ነው። «ከ2 እስከ 4 የእንግሊዝኛ ቃል አድርገህ ላክ» የሚል አንድ መስመርና አንድ ምሳሌ ይፈታዋል። (ፓኬጁ ተገኘ ማለት ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ሳይረሳ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 የማይቀይር ከሆነ ሌላ ይፈለግ።)

የሰነዱ ምሳሌዎች ከቱሉ ጋር አብረው መታደሳቸውም ይታይ። የድሮ ምሳሌ ይዞ መቅረት ዛሬ ፒያሳ ላይ «በዶሮ ማነቂያ በኩል ግባ» ብሎ በፈረሰ ሰፈር መንገድ እንደመጠቆም ነው። ቨርዥን የሚደረደረው እንደ ፊደል ከሆነ ደግሞ 1.9 ከ1.10 በላይ ይወጣና ኤጀንቱ አሮጌውን አዲስ ነው ይላል።

ፈተናው ብዙ ወጪ የለውም። 20 ጥያቄ ይዘጋጅ፦ 8 በትክክል ያሉ ስሞች፣ 4 የመዝገብና የቤት ስማቸው የሚለያይ፣ 4 ጭራሽ የሌሉ፣ 2 ፊደል የተሳሳተባቸው፣ 2 ደግሞ ኔትወርክ ሆን ተብሎ ተነቅሎ የሚጠየቁ። ሞዴሉ አንድ ዓይነት መልስ ሁልጊዜ ስለማይሰጥ እያንዳንዱ 3 ጊዜ ይጠየቅ። የሚመዘገበው የመጨረሻው መልስ ብቻ አይደለም፤ ኤጀንቱ ለቱሉ ምን ብሎ እንደላከና ምን እንደተመለሰለት ጭምር ነው። አለዚያ ከማስታወሱ የመለሰው በቱሉ ያገኘ ይመስላል። ከዚያ ከሰነዱ አንድ ዓረፍተ ነገር እየቀነሱ መድገም ነው። ቢቀነስም ውጤቱ ያልተነካ ዓረፍተ ነገር ትርፍ ነው፤ በየጥሪው ይከፈልበታል። በፊደላችን የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ያንኑ ሐሳብ ከያዘ እንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆርስበትና ክፍያ የሚታሰብበት ቁራጭ) ስለሚበላ ብክነቱ ጎልቶ ይታያል።

ግዢው በጨረታ ከሆነ 20ዎቹም ጥያቄዎች የጨረታ ሰነዱ ላይ አይውጡ፤ አቅራቢው ለእነሱ ብቻ ልክ አድርጎ ይሰፋዋል። 10ሩ ይውጡ፣ 10ሩ በገምጋሚው እጅ ይቆዩ፤ ኔትወርክ ተነቅሎ የሚጠየቁት 2ቱ ከተያዙት ወገን ይሁኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሶፍትዌር ፈታሾች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ