ስለ ፍራፍሬ ማብሰያ ክፍል ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በጎጃም የገበያ ከተሞች በኢትሊን ጋዝ የሚሠራ የፍራፍሬ ማብሰያ ክፍል እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በፍኖተ ሰላም ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለፈው ግንቦት አንድ የፍራፍሬ ነጋዴ የማንጎ ሳጥን ሲከፍት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግራጫ ድንጋይ ከሥር አየሁ፤ የብየዳ ቤት ሽታም ወዲያው አፍንጫዬን መታው። ብየዳ ቤቶች ጋዝ የሚያወጡበት ካርባይድ የተባለ ኬሚካል ነበር፤ ነጋዴው ጥሬውን ፍሬ ቶሎ ለማብሰል ያስገባዋል። ለምን እንደሚጠቀምበት ብጠይቀው አልደበቀኝም። «መምህር፣ ደንበኛ የሚፈልገው ቢጫውን ነው፤ ጥሬውን ይዤ ሳምንት ብጠብቅ ግማሹ ይበሰብስብኛል። ሌላ መንገድ ካለ ያሳዩኝና ዛሬውኑ እጥለዋለሁ» አለኝ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁትም ስለዚሁ ነው።

ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ቲማቲም ለመብሰል ሲደርሱ ኢትሊን የተባለ ቀለም የለሽ ጋዝ ከራሳቸው ያወጣሉ። ጋዙ ፍሬው ሌላ ኢትሊን እንዲጨምር ስለሚቀሰቅሰው፣ አንዱ ከጎመራ አጠገቡ ያለውም ይከተለዋል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፣ ሥጋው ይለሰልሳል። እናቶቻችን ጥሬ ማንጎና ሙዝ ጭድ ውስጥ ሲቀብሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ጋዝ አፍኖ ማቆየት ነው። ሳይንሱ የደረሰበት ግን ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ኔልጁቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በሴንት ፒተርስበርግ የአተር ቡቃያዎቹ የሚጣመሙት በዚያ ዘመን ለመብራት ይነድ በነበረው ጋዝ ውስጥ ባለ ኢትሊን መሆኑን አሳየ፤ ፍሬው ራሱ ጋዙን እንደሚሠራ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ ያረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው።

ካርባይድ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ኢትሊንን ሳይሆን አሴቲሊን የተባለ ሌላ ጋዝ ነው። አሴቲሊን የኢትሊንን ሥራ በደካማ ሁኔታ ይኮርጃል፤ ስለዚህ ልጣጩ ቢጫ ይሆንና ውስጡ እንደ ጎመዘዘ ይቀራል። ከዚህ የከፋው፣ ለብየዳ የሚሸጠው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ስላለው፣ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው መርዛማ ጋዝ ሊተነፍስ፣ ቅሪቱም ፍሬው ላይ ሊያርፍ መቻሉ ነው። ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣውን ጥሬ ሙዝ በዝግ ክፍል ውስጥ በነጭ ጋዝ ጭስ ማብሰልም እምብዛም አይሻልም፤ ጭሱ ጥቂት ኢትሊን ቢኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፣ እሳቱም ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ኢትሊን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዓለም በየዓመቱ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል፤ የምናንጠለጥለው ፌስታልና ውኃ የምንቀዳበት ጄሪካን ከእርሱ የተሠሩ ናቸው። ተቀጣጣይ ነው የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ሆኖም በአየር ውስጥ መጠኑ 2.7 በመቶ ካልደረሰ አይነድም፣ ለማብሰያ የሚበቃው ግን ከ10,000 እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ለሙዝ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ 90 በመቶ ያህል እርጥበት፣ አንድ ቀን ያህል ጋዝ፣ ከዚያም አየር መለዋወጥ ይበቃዋል። የወይና ደጋው አየራችን ይህን ሙቀት ለመጠበቅ ከቆላው ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ጋዙን ከአልኮል የምታወጣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያም አለች (የደብረ ማርቆስ አረቄ ግን አይበቃትም፤ የጠራ አልኮል ትፈልጋለች)።

ስለዚህ ቢሮው በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም የቆጋ መስኖ ፍራፍሬ በሚሰበሰብበት በመራዊ አንድ ክፍል አቋቁሞ፣ ነጋዴውም ሆነ ማኅበሩ በሳጥን ሒሳብ እየከፈለ እንዲያበስል ቢያደርግ ብዬ እጠይቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ አለዚያ ክፍሉ በሁለተኛው ወር መጋዘን ይሆናል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የማንጎን የመልቀሚያ ጊዜ ለገበሬው በደንብ ያስተምሩ፤ ሳይደርስ የተለቀመ ፍሬ በንጹሕ ኢትሊንም ቢሆን ቀለም እንጂ ጣዕም አያገኝምና። ካርባይድ መውረሱ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ሳይከፈት ወረሳው ቢቀድም ድንጋዩ ከሱቅ ወደ ጓዳ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ቢሮው ባለሙያ ቢልክ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ለነጋዴዎች በሚሰጥ ሥልጠና ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ። ያን ነጋዴ መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ መልስ ዕዳ አለብኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር
ፍኖተ ሰላም