ሳቢያን ላይ ቤት ለምትከራይ ልጄ

ሐረር፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኗስ? እኛ ደህና ነን። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ቤት ልትከራዪ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። ሠፈሩ አይከፋም። እንደ ከዚራ የዛፍ ጥላ ባይኖረውም ግቢው ሰፋ ይላል፣ ከመጋላ ግርግር ይርቃል፣ ሆስፒታሉም እዚያው ነው። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፤ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ቤቱን በ9 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበርድ ሄደሽ እዪው።

ደላላ ቤት የሚያሳየው ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ የድሬ ቤት ሁሉ ያምራል። ከሐረር በደንገጎ ስትወርጂ ከፍታው ከ1,900 ሜትር ገደማ ወደ 1,200 ይወርዳል። የጅቡቲው ሐዲድ ራሱ ወደ እኛ ሊወጣ ታስቦ ዳገቱ ስለከበደው ነው በ1895 ዓ.ም. እታች የቀረው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ እዚህ የለመድሽው ቤት እዚያ አያኖርም።

ኮርኒስ አለው ወይ ብለሽ ብቻ አትለፊ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል የታፈነው አየር መውጫ ካጣ ቤቱ ምድጃ ነው። ደጅ ቆመሽ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በጎንና በጎን ግድግዳው ጫፍ ላይ ወንፊት የተመታባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዪ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ አየሩ አይዘዋወርም። ከዚያ ግቢና መዳፍሽን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከውስጥ በኩል አሳርፊ። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። በ9 ሰዓት ለብ ያለ ግድግዳ ሌሊቱን አያስተኛሽም፤ ያ ክፍል ሳሎን ይሁን፣ አልጋው ወደ ምሥራቁ ይዙር። ቬንትሌተር አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ውጭው ሲበርድ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጠሽ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሪው፤ በተቃራኒው ያለውን መስኮት ክፈቺ። ተቃራኒ መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ እኔ ብሆን አልከራየውም።

ወደ ውሃው ልምጣ። የከተማዋ ነባር የውሃ ጉድጓዶች ብዙዎቹ የተቆፈሩት ሳቢያን ሜዳ ላይ ነው፤ ሠፈሩ ግን በጉድጓዶቹ ዙሪያ እያደገ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱም እየበዛ ሄደ። ከምድሩ ሥር የኖራ ድንጋይ አለ። ውሃው ጠንካራ ነው፤ ሳሙና አይረባበትም፣ ማንቆርቆሪያው በጥቂት ሳምንት ነጭ ቅርፊት ያበጃል፣ የሻወሩ ራስ ይደፈናል፣ የውሃ ማሞቂያው ብረት ቅርፊት ተሸክሞ ይቃጠላል። ቅርፊቱን በቢላ አትፋቂው። ማንቆርቆሪያውን በእኩል ውሃና ኮምጣጤ ሞልተሽ አፍዪው፣ አንድ ሰዓት ተዪው፣ ድፊው። የሻወሩን ራስ ፈትተሽ በኮምጣጤ ውስጥ አሳድሪው።

ይህ የዕቃ ጉዳይ ነው፤ የሕፃኗ ግን ሌላ ነው። በዚያ አካባቢ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት ከፍ ብሎ አግኝተዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበረታል። ስድስት ወር ላልሞላት ልጅ የዱቄት ወተት በቧንቧ ውሃ አትበጥብጪ፤ ናይትሬት ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ጡትሽን እስከጠባች ድረስ አትስጊ። ዱቄት ካስፈለገ ናይትሬቱ ዝቅተኛ መሆኑ ከተጻፈበት የታሸገ ውሃ ጋር ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ባለቤቱን አትጠይቂ፣ ጎረቤቷን ጠይቂ፤ “ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መጣ? በስንት ሰዓት?” በያት። የ1,000 ሊትር ሮቶ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ብትይዢ ለሦስታችሁ ስድስት ቀን ተኩል ያህል ይዘልቃል። ግን ውሃው ግፊቱ ደክሞ ሌሊት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ማማ ላይ ወደተሰቀለ ሮቶ አይወጣም፤ እታች መቀበያ በርሜልና ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ባዶ ሮቶ ነው የምትከራዪው። ሮቶው ከሻወሩ ራስ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ ውሃው ይንጠባጠባል። ከላዩም ጥላ ይኑረው፤ በድሬ ቀትር የቧንቧው ውሃ እጅ ያቃጥላል።

ያጠራቀምሽው ውሃ ደግሞ ትንኝ ይጠራል። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ ከከተማ በርሜል ውስጥ በሚፈለፈለው አዲስ ትንኝ የመጣ ወባ ድሬን አመሷት። የደንጊዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ የአልጋ አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ ሕፃኗ በቀን ስትተኛም አጎበር ይዘርጋላት። ዕንቁላሏን ከውሃው በላይ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ በየሳምንቱ በሽቦ ፈግፍጊው። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ካለ ወንፊት ይመታበት።

ጎርፉን ታውቂዋለሽ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከደንገጎ በኩል የዘነበው ይደርሳል። የጎሮ ወንዝም ሆነ ሌላ ደረቅ አሸዋ አጠገብ ያለ ቤት ርካሽ ከሆነ ምክንያት አለው። የቤቱ መሠረት ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ከፍ ማለቱን፣ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር አለመኖሩን እዪ።

ስለ መብራት፣ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ለብቻሽ አስገቢ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሁሉም በውድ ይከፍላል።

ኑሮውን ራስሽ ትለምጂዋለሽ። ቀፊራ ገበያ የሚኬደው በጠዋት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም ጥላ ይይዛል፣ ሲመሽ ነው ሁሉም የሚወጣው። በእኩለ ቀን ሰው ቤት አታንኳኪ። እናትሽ ከወተት ሻጮቹ ጋር ለመከራከር ኦሮምኛና ሶማልኛ ትማር እያለች ነው፤ እሷ ራሷ ስንት ዓመት በእጅ ምልክት ተከራክራ።

ቅዳሜ ከሰዓት እወርዳለሁ፣ ሮቶውን አብረን ከፍተን እናየዋለን። እስከዚያ ቀብድ አትስጪ።

አባትሽ