የአውሮፕላን መቀመጫ እንድናለብስ ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ኮምቦልቻ ውስጥ የሚኒባስ፣ የጭነት መኪና፣ የሶፋና የሆቴል ወንበር የምናለብስ ትንሽ ድርጅት መሆናችንን ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ግን ከወትሮው የተለየ ጥያቄ በዝቶብናል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ትንሽ አውሮፕላን ያስተዳድራል፤ መቀመጫው ተቀዷል፣ የጣሪያው ጨርቅ ተንጠልጥሏል። «እጃችሁ ጥሩ ነው፣ ለምን አትሠሩለትም? ካልሆነም ጥሩ ሠሪ ጠቁሙን» ትሉናላችሁ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከማስረዳት በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጠናል።

ልባሱን ለክተን፣ ቆርጠን እንሰፋለን። አውሮፕላኑ ላይ ግን አንገጥምም፤ የደህንነት ቀበቶ አንነካም፤ ሥራውን በፊርማው የሚረከብ ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ከሌለም መቀስ አናነሳም። በዚህ ቅር የተሰኙብን አሉ፤ «ወንበር ያው ወንበር ነው» ያሉንም አልጠፉም።

ያው አይደለም። ለመኪና የሚሸጥ ጨርቅና ለአውሮፕላን የሚፈቀድ ጨርቅ በእሳት የሚፈተኑበት መንገድ ይለያያል። የአሜሪካ የመኪና ደንብ ናሙናውን አግድም ይዞ ጫፉን ይለኩስና ነበልባሉ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይጓዝ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ መቀጣጠሉ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መፍጠኑ ነው። መኪና ዳር ይዞ ይቆማል፣ ሰውም ይወርዳል። የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች ፈተና ግን ናሙናውን ቁልቁል ሰቅሎ ከሥሩ ለ12 ሰከንድ ነበልባል ይይዝበታል። ነበልባሉ ከሥሩ ሲወሰድ ጨርቁ በ15 ሰከንድ ውስጥ በራሱ መጥፋት አለበት፤ የተቃጠለው ርዝመት ከ20 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የሚንጠባጠበውም ቢሆን ከ5 ሰከንድ በላይ እየነደደ መቆየት አይፈቀድለትም። እንደ ሴስና 172 ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች የተፈቀዱበት የቆየው ደንብ ከዚህ ይላላል። እኛ ግን ጥሩ ሠሪ የምንለው ለትንሿም በትልቁ ፈተና ያለፈውን ጨርቅ የሚያቀርበውን ነው። ሰማይ ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም።

የሚጠራጠር ደንበኛ ሲመጣ ከሁለቱም ዓይነት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጠን፣ በፒንሳ ይዘን ጓሮ እንለኩስለታለን። የመኪናው ሰው ሠራሽ ቆዳ መጀመሪያ ይኮማተራል፤ ቀጥሎ ጥቁር ጠብታ እየጣለ ነበልባሉ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠብታውም መሬት ላይ ወድቆ መንደዱን አይተውም። የአውሮፕላኑ ጨርቅ ጠርዝ ግን ይጠቁርና ክብሪቱ ሲርቅ ይጠፋል። ይህ የጓሮ ሙከራ ዓይን ይከፍታል እንጂ የላቦራቶሪ ማስረጃን አይተካም። ማስረጃ ማለት የጨርቁ ጥቅል ቁጥር የተጻፈበት የፈተና ወረቀት ነው፤ ቁጥሩም ከተገዛው ጥቅል ጋር መመሳሰል አለበት። «ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ነው፣ ያው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሰላም ብላችሁት ውጡ።

ጨርቁ ፈተናውን አልፎ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቢወድቅ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። ተራ ስፖንጅ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣል፤ ሰውን ከነበልባሉ ቀድሞ የሚጥለው ይህ ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1983 የኤር ካናዳ በረራ ቁጥር 797 መጸዳጃ ክፍሉ አካባቢ እሳት ተነስቶበት አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ አጠገብ አረፈ። አውሮፕላኑ መሬት የነካው በሰላም ነበር፤ ሆኖም ከተሳፈሩት 46 ሰዎች 23ቱ ከጭሱና ከእሳቱ ሳይወጡ ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የትልልቅ አውሮፕላኖች የመቀመጫ ስፖንጅ ጠንከር ያለ የእሳት ፈተና እንዲያልፍ ደነገገ፤ ስፖንጁን እሳት በሚያግድ ጨርቅ ጠቅልሎ ማልበስም ከዚያ ወዲህ የተለመደ ሆነ። ስለዚህ ሠሪውን ስትጠይቁ የላይኛው ልባስ፣ ስፖንጁና ማስቲሹ አንድ ላይ ተፈትነው እንደሆነ ጠይቁ። ለየብቻ ያለፉ ነገሮች ተጣብቀው ሊወድቁ ይችላሉ።

ስለ ቆዳ በተለይ ትጠይቁናላችሁ። ከተማችን የቆዳ ፋብሪካ ያላት ስለሆነች «ቆዳው እዚሁ ደጃችን አለ» የሚል ክርክር ይቀርብልናል። እውነት ነው፣ የተፈጥሮ ቆዳ ከሰው ሠራሹ ይልቅ እሳትን ይታገሣል። ነገር ግን ለጓንትና ለጫማ የሚለፋው የበግና የፍየል ሌጦ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳ የሚደርስበትን መወጠር አይችልም፤ ለመቀመጫ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል። ላዩ ላይ የሚቀባው ቀለምና ማለስለሻም የእሳት ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ቆዳም ቢሆን ወረቀቱን ይዞ መምጣት አለበት።

የክብደት ነገር ለኛ አገር ሰው የቀረበ ነው። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል ወደ 1,850 ሜትር ከፍ ይላል፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ሞተሩም ክንፉም በሳሳው አየር ይደክማሉ፤ አውሮፕላኑም ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ወፍራም ምንጣፍና ድርብ ቆዳ የሚጨምሩት ኪሎ ከተሳፋሪ ወይም ከነዳጅ ላይ ይቀነሳል። ጥሩ ሠሪ አሮጌውን ልባስ አውልቆ አይጥልም፤ ይመዝነዋል፣ አዲሱንም ይመዝናል፣ ልዩነቱን ጽፎ ለጥገና ባለሙያው ይሰጣል። ባለሙያው ደግሞ የክብደትና የሚዛን መዝገቡን ያስተካክላል። ሚዛን የሌለው ሱቅ ከሆነ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

የስፖንጁ ውፍረትም እንደዚሁ ነው። እኛ ለሚኒባስ ሹፌር «ወገቤን አመመኝ» ሲል ጨምረንለት እንመርቀዋለን። አብራሪ ግን በሦስት ጣት ከፍ ሲል ከፊት መስታወቱ የሚያየው ይለወጣል፣ መሪውን ወደ ራሱ ሲስበውም ከጭኑ ጋር ይጋጭበታል። መቀመጫው ከሐዲዱ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ከሸፈነው ደግሞ የባሰ አለ። ለብዙ የሴስና ሞዴሎች የመቀመጫ ሐዲዱና መቆለፊያው በየጊዜው እንዲመረመር የሚያስገድድ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ በ2011 በአዲስ ተተክቷል። አውሮፕላኑ ሲነሳ መቆለፊያው ቢለቅ መቀመጫው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው የጨበጠውን መሪ ይዞት ይሄዳል፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫም ያለ አብራሪው ፈቃድ ሽቅብ ይቃናል። ምንጣፉ ቆንጆ ሆኖ ሐዲዱ ውስጥ የገባ ሥራ ካያችሁ የሠራውን ሰው ስልክ አትያዙ።

ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ባጭሩ እንለፋቸው። ኪስ ለመዝጋት የሚገባ ማግኔት ኮምፓሱን ያዛባል። የምንጣፍ ጠርዝ ከእግር መርገጫው ሥር ከተጠቀለለ መርገጫውን ያግዳል። በሩ ላይና የነዳጅ መምረጫው አጠገብ የነበሩ ጽሑፎች ልባሱ ሲያልቅ ወደየቦታቸው መመለስ አለባቸው። ከመቀመጫው ሥር የሚገኝ ሳንቲምና ብዕርም ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ የመቆጣጠሪያ ገመድ የሚያልፍበት ቦታ ከገባ ቀልድ አይደለም።

ከማን ትጀምሩ? አውሮፕላኑን ዘወትር ከሚጠግነው ድርጅት ጀምሩ፤ ልባሱን የሚቀበል ወይም የሚመልሰው እሱ ነው። ከዚያ ሠሪው ቀድሞ ያለበሰውን አውሮፕላን ለማየት ጠይቁ። ትናንት ያለቀውን ሳይሆን ሁለት ሦስት ዓመት የተበረረበትን ማለታችን ነው፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። የአብራሪውን መቀመጫ የፊት ጠርዝ ተመልከቱ፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚፍቀው እሱ ስለሆነ ክሩ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ቀጥሎ የሠሪውን ጥያቄዎች አዳምጡ። የአውሮፕላኑን ሞዴልና ማን እንደሚፈርም ሳይጠይቅ የቀለም ናሙና የሚዘረጋ ሱቅ የሳሎን ሱቅ ነው። በስፌት ረገድ የደሴም የኮምቦልቻም ሠሪ ከማንም አያንስም፣ ይህን ያለ ይሉኝታ እንናገራለን። የሚጎድለው ወረቀቱ ነው።

አንድ ደንበኛችን የአሜሪካ ደንብ የካቢኔ ጨርቅ ጥገናን ባለቤቱ አብራሪ ራሱ ሊሠራቸው ከሚችላቸው ቀላል ሥራዎች እንደሚቆጥረው አንብቦ ሞግቶናል። ያነበበው ልክ ነው፤ ያም ቢሆን ዋናው አካልና የመቆጣጠሪያ መስመሮች እስካልተነኩ ድረስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ አውሮፕላን ግን የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደንብ ነው፤ ጥያቄውን ለጥገና ድርጅቱና ለባለሥልጣኑ አቅርቡ እንጂ ከልብስ ሰፊ ፈቃድ አትጠብቁ።

ይህን ሁሉ አሟልታችሁ ልባሱን እኛ እንድንሰፋው ከፈለጋችሁ አሮጌውን ልባስ ሳትቀዱ፣ ከጥገና ባለሙያው ደብዳቤና ከጨርቁ የፈተና ወረቀት ጋር ላኩልን። አሮጌውን ፈትተን ለልክ እንጠቀምበታለን፤ ከአዲሱም ቁራጭ ናሙና ከወረቀቱ ጋር አያይዘን እንመልሳለን። ዋጋው ከመኪና ልባስ ከፍ ይላል፤ አንድ በአንድ መመዘኑና መመዝገቡ ጊዜ ስለሚወስድ ቀጠሮውም ይረዝማል።

ለሚኒባስ፣ ለሶፋና ለሆቴል ደንበኞቻችን ዋጋውም ቀጠሮውም እንደነበረ ነው። ደሴ ያላችሁ የጨርቅ ናሙና ለማየት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ መምጣት አያስፈልጋችሁም፤ ደውላችሁ ከነገራችሁን ባልደረባችን ጥራዙን ይዞ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ኮምቦልቻ