የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በ10 ሰዓት አይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የኢትዮጵያ ዋንጫ ጨዋታ ለባሕር ዳር ስታዲየም ሲመደብ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ሰዓቱ ነው። የሊግ ጨዋታ አቻ ቢያልቅ ቡድኖቹ ነጥብ ተጋርተው ይወጣሉ፤ ዋንጫው ግን የግድ አላፊ ይፈልጋል። በ10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ከእረፍቱና ከባከነው ሰዓት ጋር 11 ሰዓት ከ50 ገደማ ያልቃል። ተጨማሪው 30 ደቂቃ ሲታከልበት 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ መለያ ምቱ ገና ነው። በኅዳር ደግሞ እዚህ ጣና ዳር ፀሐይ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች። በድንግዝግዝታ ግብ ጠባቂው ኳሷ ከመቺው እግር ስትነሳ በደንብ አያያትም፤ ረዳት ዳኛውም መስመር ማለፏን ለመለየት ይቸገራል።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ዋንጫውን የሚያነሳ ክለብ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገር ይወክላል። ወላይታ ድቻ እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ክለብ ዛማሌክን ያሰናበተው በዚሁ መንገድ አልፎ ነው፤ ያውም በመለያ ምት።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ በቂ መብራት በሌለው ሜዳ ሁሉ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከ9 ሰዓት በኋላ እንዳይጀመር በውድድር ደንቡ ያስፍር። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ካለ የመጀመሪያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀመር፤ መለያ ምት ቢኖርም ከቀትር በፊት ያልቃል፣ ሣሩም እስከ 9 ሰዓት ያርፋል።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር